የዞረ ድምር የሌለው ቁጥር

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለክልልና ለከተማ ጤና ቢሮዎች፣ ለሐኪሞችና ለላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለእድር ዳኞች
ጉዳዩ፦ ለወንዶች የፕሮስቴት ክትትል ካርድ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

34 ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ 63 ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በሽታ የማውቀው ወንድሜን ሳስታምም ያየሁትን፣ በራሴ የደረሰውን፣ ከዚያም ነገሩ አልዋጥ ብሎኝ ያነበብኩትን ነው። ስለ ቁጥር ግን ትንሽ አውቃለሁ። ይህ ደብዳቤም የሚያወራው በአብዛኛው ስለ ቁጥር ነው።

አልጋዬ ሥር አንድ ቢጫ ፌስታል አለ። የታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ ነበር የምለው፤ እዚህም እንደዚያው ልበለው። ጋሼ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከአርባው በኋላ ባለቤቱ ፌስታሉን አመጣችልኝና «አንተ ወረቀት ትወዳለህ፤ እኔ ማየት አልቻልኩም» ብላ ሰጠችኝ። ውስጡ 11 የላብራቶሪ ወረቀት፣ አራት የአልትራሳውንድ ውጤት፣ የሦስት የተለያዩ ጤና ተቋማት የካርድ ቁጥር የተጻፈባቸው ቁራጭ ካርቶኖችና ባዶ የመድኃኒት ፓኬቶች አሉ። ከላብራቶሪ ወረቀቶቹ ሁለቱ አይነበቡም። እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ጽሑፉ ቀስ እያለ ነጥቷል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መነጽሬን አድርጌ፣ እንደ ድሮ ሥራዬ፣ ሁሉንም በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልፈጀብኝም። የወንድሜ በሽታ ጠረጴዛው ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በሕይወት እያለ ግን እነዚህን ወረቀቶች አንድ ላይ ያያቸው ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ነገሩ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጋሼ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይነሳ ጀመር። ሽንቱ ይቆራረጣል፤ ጨርሶ ሲወጣ መልሶ ይመጣበታል። ለተዝካር ደሴ ስንሄድ አውቶቡሱን ሦስት ጊዜ አስቆመ። በሦስተኛው ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ቀን በኋላ ረጅም መንገድ በአውቶቡስ መሄድ ተወ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በር ጥግ መቆም ለመደ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ውኃ መጠጣት አቆመ። «ምን ሆነሃል?» ስንለው መልሱ አንድ ነበር፤ «ዕድሜ ነው።»

ግማሽ እውነቱን ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች፣ የሽንት ቧንቧን እንደ ቀለበት የከበበች የወንድ ዕጢ ናት። በወጣትነት ለውዝ ከነቅርፊቱ ብታክል ነው። ዕድሜ ሲገፋ ታድጋለች። 60 ዓመት አካባቢ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ 80ን ከተሻገሩት ደግሞ አብዛኞቹ ይህ እድገት አለባቸው። እድገቱ ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ግን መሃሉን ያለፈውን ቧንቧ ያንቀዋል። ካንሰሩ ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዕጢዋ ጠርዝ ስለሆነ ቧንቧውን ሳይነካ፣ ድምፁን አጥፍቶ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ሽንቱ የሚያስቸግረው ሰው ካንሰር ላይኖርበት ይችላል፤ ምንም የማይሰማው ሰው ሊኖርበት ይችላል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን ሲገኙ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። የጋሼ እንደዚያ ነበር።

በ2011 ክረምት ጉንፋን ያዘውና ከፋርማሲ የጉንፋን ክኒን ገዝቶ ዋጠ። ሌሊቱን ሽንቱ ጭራሽ ዘጋ። አፍንጫን ለመክፈት የሚሰጡት አንዳንድ መድኃኒቶች የፊኛውንም በር እንደሚያጠብቁት ያኔ ማን ያውቃል! ጎህ ሲቀድ እየተንቆራጠጠ አንድ ሆስፒታል አደረስነው። ቱቦ ሲገባለት ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ያን ያህል ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያለቀሰውም ከእፎይታ ነው።

እዚያ ሆስፒታል ጥሩ ነው ያከሙት። ሁለት መድኃኒት ሰጡት። አንዱ ታምሱሎሲን ነው። የበሩን ጡንቻ ያላላል፣ በቀናት ውስጥ ይሠራል፤ ከአልጋ ብድግ ሲሉ ግን ያዞራል። ሁለተኛው ፊናስተራይድ ነው። ዕጢዋን ቀስ እያለ በወራት ያኮማትራታል። ቱቦው ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ ፒኤስኤ የሚባለውን፣ ፕሮስቴት የምትሠራው ፕሮቲን ደም ውስጥ ስንት እንደሆነ የሚለካውን ምርመራ አሠሩት። 4.1 ሆነ። «በስድስት ወር ተመለስ» አሉት። ጋሼ ሽንቱ ተስተካክሏል። መድኃኒቱን ከሰፈር ፋርማሲ መግዛት ይችላል። ወረፋውም አይቀመስም። አልተመለሰም።

በ2013 ሌላ ክሊኒክ ሄዶ አጠቃላይ ምርመራ አደረገ። ፒኤስኤ 3.7። ወረቀቱ ላይ «መደበኛ፦ ከ0 እስከ 4» ይላል። «ኖርማል ነህ» ተባለ። ከ4.1 ወደ 3.7 ወረደ ብለን ደስ አለን። በ2014 ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ተመረመረ፤ 3.9 ሆነ። አሁንም ከ4 በታች ነው። አሁንም ኖርማል።

እዚህ ላይ ነው ያ ቅዳሜ እጄ የተንቀጠቀጠው። ፊናስተራይድን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የወሰደ ሰው ፒኤስኤው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። የ4.1 ሰው ወደ 2 መጠጋት ነበረበት። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውጤት በሁለት ተባዝቶ ነው የሚነበበው። የጋሼ 3.7 እንደ 7.4 ነበር። 3.9ኙ እንደ 7.8። ከዚያም በላይ፣ መድኃኒቱ እየተዋጠ ቁጥሩ ወደ ላይ ፈቀቅ ካለ፣ ጭማሪው ትንሽ ቢሆንም፣ ያ ራሱ የማንቂያ ደወል ነው። ይህ ምስጢር አይደለም፤ የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች ሁሉ ያውቁታል። ግን ሁለተኛው ቦታ የመጀመሪያውን ወረቀት አላየም። ሦስተኛው ሁለተኛውን አላየም። «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ጋሼም የሽንት ክኒን ከደም ምርመራ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ዝም አለ።

የሦስቱንም ተቋማት ስም አልጠራም። ከሳሽ ሆኜ አይደለም የምጽፈው። እያንዳንዳቸው እጃቸው ላይ የነበረውን ቁጥር በትክክል አንብበዋል። እኛ የሒሳብ ሰዎች ካለፈው ገጽ ወደ አዲሱ ገጽ የሚሻገረውን «የዞረ ድምር» እንለዋለን። (ልጆቹ ዛሬ ቃሉን ለትናንት ማታ መጠጥ ነው የሚጠቀሙበት፤ እኛ ግን ቀድመናቸዋል።) የዞረ ድምር ሳይጻፍበት የተከፈተ ገጽ ላይ የሚሠራ ሰው መደመሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ ግን ተሳስቷል።

በ2015 ጋሼ ወገቡን አመመው። ዲስክ ነው ተባለ። መታሻ፣ መርፌ፣ ጠበል፣ ቀበቶ፤ ያልተሞከረ የለም። እግሩ ሲዝልበት ነው አንድ ወጣት ሐኪም «ጋሼ፣ ሽንት እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀው። ፒኤስኤ 312። ካንሰሩ የጀርባ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የወንድ ሆርሞንን የሚዘጋውን መርፌ ጀመረ። ቻርልስ ሀጊንስ የተባለው ሐኪም በ1941 እ.ኤ.አ. ባሳየው፣ በ1966ም ኖቤል በተሸለመበት መንገድ፣ ካንሰሩ ምግቡን ተነጥቆ ለጊዜው አንቀላፋ። ጋሼ ተነስቶ ሄደ፤ የልጁን ሠርግ አየ። 14 ወር ቆየልን።

ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ይድን ነበር ብዬ አልምልም። ቶሎ ተገኝቶም የሚገድል ዓይነት አለ። የምለው፣ በ2013 ጥያቄ ማንሳት የሚያስችል መረጃ በእጃችን ነበር፤ ፌስታል ውስጥ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ጋሼ ሲታመም እኔም ተመረመርኩ። ወንድሙ ወይም አባቱ የታመመበት ሰው ዕድሉ ከሌላው እጥፍና ከዚያ በላይ እንደሆነ ነግረውኛል። የእኔ 6.2 ሆነ። ያን ማታ እራት አልወረደልኝም። የቤቱን ካርታ ከሳጥን አውጥቼ ማን ስም ላይ እንደሚዞር ማሰብ ጀመርኩ። ባለቤቴ «ገና ሐኪሙ ሳያይህ አንተ ራስህን ቀበርክ» ብላ ካርታውን ቀማችኝ።

ያየኝ ሐኪም ረጋ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ሽንቴን አስመረመረ፤ ኢንፌክሽን ተገኘ። መድኃኒት ሰጠኝና ከሁለት ወር በኋላ፣ እዚያው ላብራቶሪ፣ ድገም አለኝ። 2.4። የሽንት ኢንፌክሽን ፒኤስኤን ይሰቅለዋል። ቱቦ መግባቱም ይሰቅለዋል። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት የተደረገ ግንኙነት ወይም ረጅም የብስክሌት ጉዞ እንኳ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የዕጢዋ ማደግም እንዲሁ። ያን 6.2 ብቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው በመርፌ ናሙና ወደሚወሰድበት ክፍል ሊገባ ይችል ነበር። አስቡት። ለጋሼ «ኖርማል» የተባለው ቁጥር ኖርማል አልነበረም። ለእኔ አስፈሪ የተባለው ቁጥር አስፈሪ አልነበረም። ሁለታችንንም የሚለየን ከቁጥሩ በፊትና በኋላ ያለው ታሪክ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን በግልጽ ላስቀምጥ። ወንድ ሁሉ ነገ ጠዋት ተሰልፎ ፒኤስኤ ይሠራ አላልኩም። እንዲህ ያለው ዘመቻ የራሱ ጣጣ አለው። አሜሪካኖች ለዓመታት ሁሉንም ሲመረምሩ ቆይተው፣ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ከባለቤቱ ጋር የሚያረጅ ካንሰር ሁሉ እየተቆረጠ፣ ሰው ሽንቱን መቆጣጠር እያቃተው፣ ወንድነቱ እየተጎዳ መሆኑን አዩ። በ2012 እ.ኤ.አ. የመከላከል አማካሪ ቡድናቸው «አትመርምሩ» አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. አለዘበውና ከ55 እስከ 69 ያለው ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ይወስን፣ ከ70 በኋላ ግን ይቅር አለ። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ደግሞ ምክክሩ በ50 ይጀመር፤ ለጥቁሮችና አባታቸው ወይም ወንድማቸው ገና 65 ሳይሞላው ለታመመባቸው ግን በ45 ይሁን ይላል። ክርክሩ አላለቀም። እኛ አገር ያለው ችግር ደግሞ በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰዉ የሚመጣው ወገቡን ሲያመው ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ሁሉ ክርክር የወለደው ትልቁ መፍትሔ ክትትል ነው። አደገኛ ያልሆነ ካንሰር የተገኘበትን ሰው ወዲያው ከመቁረጥ ይልቅ በየጊዜው ፒኤስኤ እየሠሩ፣ አስፈላጊ ሲሆን ኤምአርአይና ናሙና እየደገሙ፣ ከተንቀሳቀሰ ብቻ ማከም። እንግሊዝ ውስጥ 1,643 ወንዶችን በሦስት ከፍለው፣ ለአንዱ ቀዶ ሕክምና፣ ለአንዱ ጨረር፣ ለአንዱ ክትትል ሰጥተው 15 ዓመት አዩዋቸው። ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሦስቱም ቡድን በፕሮስቴት ካንሰር የሞተው ከ100 ሦስት ገደማ ብቻ ነው። በክትትል የቆዩት ብዙዎቹ ኋላ ላይ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፤ ሌሎቹ ግን ቢላዋም ጨረርም ሳይነካቸው ኖረዋል። ይህ ምርጫ ለእኛም ወንዶች ይገባቸዋል። ግን የሚሠራው ባለፈው ስንት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው። ያለ መዝገብ «እንከታተልሃለን» ማለት ሰውየውን መሸኘት ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ጆ ባይደን በግንቦት 2017 ዓ.ም. በ82 ዓመታቸው ካንሰሩ አጥንት ከገባ በኋላ ነው የታወቀላቸው። ቃል አቀባያቸው እንደተናገረው የመጨረሻው የታወቀ ፒኤስኤ ምርመራቸው በ2014 እ.ኤ.አ. የተደረገ ነው። በእርግጥ ከ70 በላይ ለሆነ ሰው አትመርምሩ የሚለው መመሪያ እዚያ አለ፤ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ዝምታውም የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሎይድ ኦስቲን በዲሴምበር 2023 ቀዶ ሕክምና አድርገው ለፕሬዝዳንቱ እንኳ አልተናገሩም። ኢንፌክሽን ገጥሟቸው ተመልሰው ሆስፒታል ሲገቡ ነው ነገሩ የወጣው፤ ኋላም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። የጦር ጄኔራል የነበረ ሰው ከፈራ የእኛ ሰፈር ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል! በጣት የሚደረገውን ምርመራ ግሮሰሪ ውስጥ ስንቀልድበት እንውላለን። ምርመራው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ቀልዱ ነው ዓመታት የሚፈጀው።

በዓለም ደረጃ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ 1.47 ሚሊዮን ያህል ወንዶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ 397 ሺህ ያህል ሞተዋል። የላንሴት መጽሔት ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትንበያ በ2040 እ.ኤ.አ. የአዲስ ታማሚው ቁጥር በዓመት 2.9 ሚሊዮን ይደርሳል። ጭማሪው በይበልጥ የሚከፋው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው፤ ምክንያቱም ሰው ረዥም ዕድሜ መኖር ጀምሯል። ይህ ደግ ዜና ይዞት የመጣ ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ልምዳችሁ ልምጣ፤ ምክንያቱም መላውን ታውቁታላችሁ። ልጅ ሲወለድ የክትባት ካርድ ይሰጠዋል። እናቱ ካርዷን ከመታወቂያዋ እኩል ነው የምትጠብቀው። ቀበሌ ብትቀይር፣ ክልል ብትቀይር፣ ካርዱ አብሯት ይሄዳል፤ የትኛዋም ነርስ ገልጣ «ይሄኛው ቀርቶታል» ትላለች። ነፍሰ ጡርም የክትትል ካርድ አላት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሲያገኙ አይተን ደስ ብሎናል፤ የእኔም የልጅ ልጅ ወስዳለች። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ከ20 ዓመት በላይ በር እያንኳኩ ቤት ለቤት ዞረዋል። እኛ ቤትም መጥተዋል። የመጸዳጃ ቤቱን አይተዋል፤ ስለ ልጆቹ ጠይቀዋል። እኔን «አባባ ደህና ነዎት?» ብለው አልፈውኛል። አልቀየምም፤ ሊጠይቁኝ የሚገባ የተጻፈ ነገር አልተሰጣቸውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ካርድ ነው። ማሽን አይደለም፣ ሕንፃ አይደለም። ግማሽ ገጽ የሚያህል ወፍራም ወረቀት፣ ለሁለት የሚታጠፍ፣ ኪስ የሚገባ። እኔ በማስመሪያ ሠርቼ አንዱን ለራሴ እየተጠቀምኩበት ነው። አምዶቹን ልንገራችሁ። ቀን። የፒኤስኤ ውጤት ከነመለኪያው። የላብራቶሪው ስም፤ ምክንያቱም ሁለት ላብራቶሪ በሁለት ዓይነት ኪት ሲሠራ ትንሽ ልዩነት ይመጣል፣ ያ ልዩነት ደግሞ ጨመረ ወይም ቀነሰ ተብሎ ይነበባል። ቀጥሎ በቀይ ያሰመርኩት አምድ አለ፤ «የሚወስደው መድኃኒት፣ ከመቼ ጀምሮ»። ይህች አንዷ አምድ ብትኖር ኖሮ ብዬ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ። ቀጥሎ «ባለፉት ሁለት ወራት ኢንፌክሽን ወይም ቱቦ ነበር?»። የጣት ምርመራ ውጤት፤ የኩላሊት ምርመራ፤ በአልትራሳውንድ የሚለካው ከሽንት በኋላ ፊኛ ውስጥ የሚቀረው መጠን። መጨረሻ ላይ ቀጣይ ቀጠሮ።

ከካርዱ ጀርባ ሰባት ጥያቄ ይኑር። ዓለም አቀፍ መጠይቅ ነው፤ የሽንት ሐኪሞች ሁሉ ይጠቀሙበታል። ባለፈው ወር ጨርሰህ እንዳልሸናህ ተሰምቶሃል? ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደግመህ ሄደሃል? እየቆመ እየቀጠለ አስቸግሮሃል? መያዝ አቅቶሃል? ፍሰቱ ደክሟል? ለመጀመር አምጠሃል? ሌሊት ስንት ጊዜ ተነስተሃል? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ። ይህን ለመደመር ስፔሻሊስት አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ፣ ማንበብ የሚችል የልጅ ልጅ፣ ራሱ ሰውየው ይደምረዋል። በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ከተደመረ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ይናገራል። ስምንተኛ ጥያቄም አለች፣ ነጥቧ ለብቻዋ የሚያዝ፤ ቀሪ ዘመንህን ሽንትህ ልክ እንዳሁኑ ሆኖ ብትኖር ምን ይሰማሃል? ትላለች። ጋሼን ይህን የጠየቀው የለም። ብንጠይቀው ኖሮ ያን አውቶቡስ ይነግረን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዲጂታል መዝገብ እየመጣ ነው የሚል መልስ እንደሚኖር እገምታለሁ። ይምጣ፤ እሰየው። ግን ጋሼ የሄደባቸው ሦስት ቦታዎች ሁሉ ኮምፒውተር ነበራቸው፤ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም እንጂ። ወረቀቱ እስከዚያው በበሽተኛው ኪስ ይነጋገርላቸው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ፊናስተራይድ ወይም ዘመዱን ዱታስተራይድን የሚሸጥ ፋርማሲ ፓኬቱ ላይ «ፒኤስኤ ሲመረመሩ ይህን መድኃኒት እንደሚወስዱ ይናገሩ» የሚል ማኅተም ቢመታበት ዋጋው የቀለም ብቻ ነው። ላብራቶሪዎችም ደም ከመቅዳታቸው በፊት መድኃኒት ይጠይቁ፤ ውጤቱንም በማይነጣ ወረቀት ያትሙ። የሕክምናውን ጎን፣ የጨረሩን ወረፋ፣ የመርፌውን ዋጋ አላነሳም። ለብዙ ዓመታት ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ እንደነበር፣ አሁን መስፋት መጀመሩንም አውቃለሁ። እሱ የገንዘብ ጉዳይ ነው። እኔ የያዝኩት የአምድ ጉዳይ ነው።

ለእድር ዳኞችም አንድ ቃል አለኝ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ወንዶች ተሰብስበን መዋጮ እንከፍላለን፤ የቀረው ይቀጣል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት ሁሉ በመዝገብ ተይዟል። ስንት ሰሃን እንደጎደለ በአንድ ደቂቃ ማወቅ እንችላለን። ባለፈው ጥቅምት እኛ እድር ስብሰባ ላይ ፌስታሉን ይዤ ሄድኩ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ በቀን ደረደርኩና ልክ እዚህ እንደጻፍኩት ተናገርኩ። መጀመሪያ ጸጥ አሉ። ከዚያ አንድ በእድሜ የገፉ አባት «እኔም ሌሊት ስድስት ጊዜ ነው» አሉ። ሌላው «እኔ ያን ክኒን አራት ዓመቴ ነው፤ ማንም ምንም አላለኝ» አለ። ስብሰባው በ6 ሰዓት ማለቅ ሲገባው እስከ 8 ሰዓት ቆየን። ከ41 ሰው 26ቱ ሰባቱን ጥያቄ እዚያው ሞሉ። ከ20 በላይ ያገኙት ስድስት ነበሩ። ሦስቱ እስካሁን ሐኪም ዘንድ ሄደዋል፤ አንደኛው ፊኛው ውስጥ ብዙ ሽንት ይቀር ስለነበር ኩላሊቱ መጎዳት ጀምሮ ነበር፣ አሁን ቱቦ ገብቶለት ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል።

እድራችን የመጀመሪያዎቹን 200 ካርዶች በራሱ ወጪ ለማሳተም ወስኗል፤ ማተሚያ ቤቱ ዋጋ ሰጥቶናል። የቀረን ነገር አንድ ነው። አምዶቹን ባለሙያ አይቶ እንዲያርምልን እንፈልጋለን፤ ተሳስተን የሰው ጤና ላይ እንዳንጫወት። ንድፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእናንተ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጌያለሁ። በእርሳስ ነው የተሠራው፤ ሆን ብዬ ነው፣ በቀላሉ እንድታጠፉትና እንድታስተካክሉት። እኛ እስከ ጥር መጨረሻ ማተሚያ ቤቱን እናቆየዋለን።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ